ሌላ ካለ ይገለጽ

ጥያቄ አርባ ሁለት፦
«በካርዱ የሚመጣው የየወሩ ገንዘብ
ምን ላይ ዋለ?» ብዬ ከወረቀት ሳነብ
ቫልደኒስ ዝም አለች።
ጓሮዋን አየችው፣ ፍየሏን አየቻት፣ እኔንም አየች።

እርሳሴ ተቀርጿል፣ ቁጥሮቼን አውቃለሁ፤
አንድ ብትል እህል፣ ሁለት ብትል ጫማ፣
ሦስት መድኃኒት ነው፣ አራት የሱቅ ዕዳ፣ አምስት ለደብተር ነው ከወረዳ ከተማ፣
ስድስት ቁጥር መጠጥ፤ ይህችን ያስጨመሩ
ከሚቀዘቅዝ ቢሮ ተቀምጠው ድሃን የሚጠረጥሩ።

«በር ነው» አለችኝ።
«ምን?»
«በር። የእንጨት በር። ከነማጠፊያው፣ ከነመቀርቀሪያው፤
ድሮ መጋረጃ ነበር የሚዘጋው።»

ወረቀቴን ባስስ በር የሚል የለበትም።
ከእህልም አይገባ፣ ከጫማም አይገባ፣ ከመድኃኒትም።
ዘጠና ዘጠኝን አከበብኩና፣
«ሌላ ካለ ይገለጽ» ከሚለው አጠገብ ክፍት መስመር አለችና፣
«በር» ብዬ ጻፍኩባት።
ሁለት ፊደል ናት።

ልጇን ራይሳን ከመለኪያው እንጨት አስጠግቼ አቆምኳት፤
ተረከዝሽ ይንካ፣ ጀርባሽ ይንካ፣ ዐይንሽ ወደ ፊት።
ሰማንያ ስምንት ነጥብ ሦስት።
የሰርታኦ ፀሐይ ያጋለው ጀርባዋን እንጨቱ ሲነካት
ሳቀች፤ ደግሜ ለካኋት።

ከሰዓት ወንዙን ተሻገርን።
ወንዝ ይሉታል እንጂ አሸዋ ነው፤
ውሃው ከሄደበት ገና ያልመጣ ነው።
አንድ ቀን ሬሲፌ ማሽን ላይ ቁጥር ሲገላበጥ፣
እዚህ ይሰጥ ተባለ፣ እዚያ ማዶ አይሰጥ።
እውነቱ እንዲለይ አንዱ ቤት ሲቀበል አንዱ ይጠብቃል፤
ጠዋት ይገባኛል ይህ ነገር፣ ማታ ይጠፋኛል።

ዤኒልዳ መጋረጃዋን በክርኗ ገፍታ ወጣች፤
ሚዛኑን ከካሹ ዛፍ ስናንጠለጥል እያየች፦
«አምናም መዝናችሁ ሄዳችሁ፣
ዘንድሮም ያንኑ ሚዛን ይዛችሁ መጣችሁ።
እኛ እኮ ፍየል የምንመዝነው
ልንሸጥ ስንል ነው።
እናንተ ልጆቼን ለማን ልትሸጡ ነው?»

መልስ አልነበረኝም።
ለትንሹ ልጅ እርሳስ ሰጠሁት።
መመሪያው ከእርሳስ ሌላ አይፈቅድም።

በሁለት ዓመት ከመንፈቅ ውጤቱ ወጣ።
ወንዙ ወዲህ ያሉት ልጆች ከማዶዎቹ በቁመት በለጡ፣
የሳልና የተቅማጥ ቀኖቻቸው ባዶ እየሆኑ መጡ።
«በየት በኩል?» አሉ አለቃችን፣ ቀስቶች በሰሌዳ እየሳሉ፤
እህሉ ይህን ያህል አይለይም፣ መድኃኒቱም እኩል ነው እያሉ።

ያን ሌሊት ብቻዬን ዘጠና ዘጠኞቹን ከፈትኩ።
በር።
የጣራ ቆርቆሮ።
ለውሃው በርሜል ክዳን።
የራሴ አልጋ።
ለእናቴ መቃብር ስሟ የተጻፈበት ድንጋይ።
በር።
የመስኮት ወንፊት።
በር።

እርሳሴን ካስቀመጥኩ በኋላ ቫልደኒስ ያለችው ትዝ አለኝ፤
ከጥያቄ ውጭ ነበርና ያልጻፍኩት፣ ዛሬ የቆጨኝ፦
«ድሮ ጀርባዬን ለመጋረጃው ሰጥቼ ቁጭ ብዬ አነጋ ነበር፤
ውሻም ይሁን፣ የሰከረ ሰውም ይሁን፣ ነፋስም ይሁን፣ አላምንም ነበር።
ጠዋት ልጅቷን የምቆጣት እኔ እመስላታለሁ፤ ሌሊቱ ነው።
አሁን መቀርቀሪያው ይጠብቃል፣ እኔ እተኛለሁ።
እሷም ትተኛለች።
ልጅ የሚያድገው እኮ ተኝቶ ነው።»

በታተመው ጽሑፍ ሠንጠረዥ ሦስት፣ ግርጌ ላይ፣ በደቃቅ፦
«ሌላ፦ ከመቶ አሥራ አንድ። አልተተነተነም።»
ለሚቀጥለው ዙር ሰባተኛ ቁጥር ይጨመር ብዬ ነበር።
«መጠይቁ ረዝሟል» አሉኝ።

ለመጨረሻው ልኬት ስመለስ የቫልደኒስን በር አንኳኳሁ።
«ማነው?» አለች ከውስጥ፤ ሳትቸኩል።
እስከዚያ ቀን፣ ማነው ብሎ መጠየቅ ስንት ገንዘብ እንደሚያስወጣ አላውቅም ነበር።

ከዚያ አሸዋውን ተሻገርኩ፣
ሚዛኑን በትከሻዬ፣ እርሳሶቹን በኪሴ፣
ከዤኒልዳ ደጃፍ ደረስኩና እጄን አነሳሁ።

መጋረጃ አይንኳኳም።
ጉሮሮዬን ጠራረግሁ።